ልጄ በጨዋታ የምታስተካክለው ሞላ፣ እኛ መንገድ ላይ የምናበላሸው ሞላ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከሁለት ሳምንት በፊት በአስተያየት ገጻችሁ የወጣውን፣ የቪዲዮ ጨዋታ የልጆቻችንን ጊዜ እየበላ ነው የሚለውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የጸሐፊው ጭንቀት መሠረት አለው። እኔም በሰፈራችን ካለው የጨዋታ ቤት ደጃፍ በጠዋት ሳልፍ ዩኒፎርም እንደለበሱ ተደርድረው የተቀመጡ ልጆች አይቼ አዝኛለሁ። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታን ከሌላው ጋር ደባልቀው፣ ነዳጅ ከመርገጥ በቀር የሚያስተምረው ነገር የለም ብለው አልፈዋል። ይህችን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስለ እርሷ ብቻ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

እኔ የጎማ አላይመንት፣ ማለትም የመኪና ጎማን አቀማመጥ የማስተካከል፣ ሠራተኛ ነኝ። ሳሪስ አካባቢ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ የሰው መኪና ከሥር ስመለከት 24 ዓመት አለፈኝ። ሞላ፣ የሞላውን መወዛወዝ የሚያረጋው ሾክ አብዞርበር፣ የቀኝና የግራ ጎማን የሚያያይዘው ስታብላይዘር፣ የመሪ ዘንግ፣ በብረቶቹ መገጣጠሚያ የሚገባው ላስቲክ ጎሚኒ፤ እንጀራዬ እነዚህ ናቸው። በእነዚህ ዓመታት በጣም የደከምኩበት ሥራ ብረቱን ማስተካከል አልነበረም፤ መኪናው ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለባለቤቱ ማስረዳት ነው። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ይመጣል፤ ባለቤቱ ጎማውን የሸጠለትን ሰው ይረግማል። መሪው ወደ ቀኝ ይስባል፤ ባለቤቱ መንገዱን ይረግማል። የማይታይ ነገር ማስረዳት ከባድ ነው። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ሲሻገር በዓይን አይታይም።

ያ የማይታይ ነገር ቁጥር ሆኖ ያገኘሁት በገዛ ሳሎኔ ውስጥ ነው።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ 11ኛ ክፍል ናት። ጀርመን አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ዓምና ፕሌይስቴሽን በሰው እጅ ላከላት። አልተደሰትኩም ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ጥናቷን ከጨረሰች በኋላ ብቻ ብዬ ደንብ አወጣሁ። አንድ ዓርብ ማታ ከሥራ ገብቼ እጄን ልታጠብ ሳልፍ ቴሌቪዥኑ ላይ መኪናም መንገድም አልነበረም፤ ሰንጠረዥ ነበር። አንዱ ዓምድ የፊት፣ ሌላው የኋላ። ከሥሩ የመኪናው ከፍታ በሚሊ ሜትር፣ የስታብላይዘሩ ጥንካሬ፣ የሾክ አብዞርበሩ መጨመቂያና መመለሻ፣ የሞላው ቁጥር፣ ካምበር፣ ቶ። ቆሜ ቀረሁ። ካምበር ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚያጋድልበት መጠን ነው፤ ቶ ደግሞ የጎማው አፍንጫ ከቀጥታው መስመር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚዞርበት መጠን ነው፤ ሁለቱም ሥራ ቦታዬ ኮምፒውተር ላይ በየቀኑ የማያቸው ቁጥሮች ናቸው። የቀሩትን ግን ቁጥር ሆነው አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ በእጄ ዳስሼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ ነው የማውቃቸው።

ጨዋታው ግራን ቱሪስሞ ይባላል። ካዙኖሪ ያማውቺ የሚባሉ ጃፓናዊ የሚመሩት ቡድን የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1997 አወጣ፤ ልጄ የምትጫወተው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ሰባተኛውን ነው። በዚያ ማታ የያዘችው መኪና እ.ኤ.አ. የ1983 ሥሪት ቶዮታ ስፕሪንተር ትሬኖ ነበር፤ በሞዴል መለያው ኤኢ86 የሚባለው። ሞተሩ 1 ሺህ 600 ሲሲ ሆኖ ከፊት ተቀምጧል፤ የሚገፋው ጎማ የኋላው ነው። የዚህ መኪና ዘመድ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ይሄዳል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዲኤክስ ነው። የትሬኖው የኋላ አክስል፣ ያ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው ወጥ ብረት፣ ከነማያያዣ ዘንጎቹና ከነሞላዎቹ ከዲኤክሱ ትውልድ የመጣ አሠራር ነው። እኔ ሙያ የለመድኩት በዲኤክስ ላይ ነው። ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሞላ ሲያወጡ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ገፋ ያደርጉኝ ነበር፤ ተጨምቆ የቆየ ሞላ ካመለጠ የሰው ፊት አይመርጥም ይሉ ነበር። እንግዲህ ያንን አክስል ከስንት ዓመት በኋላ ልጄ እጅ ላይ ሳየው ምን እንደተሰማኝ ገምቱ።

ልጄ ተናድዳ ነበር። ጃፓን አገር ያለ ሱኩባ የሚባል 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእሽቅድምድም መንገድ ላይ ናት። የመጨረሻው ረጅም የቀኝ ኩርባ ላይ ስትደርስ መኪናው ይዞርባታል። «አባዬ፣ ኋላው ያመልጠኛል» አለችኝ። የስታብላይዘሩን ቁጥር አየሁት፤ ፊት 3፣ ኋላ 8። ለምን እንደዚያ እንዳደረገችው ጠየቅኋት። ኋላው እያመለጠ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልያዘው ብዬ ነው አለችኝ።

ይህ አነጋገር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ወደ ጉድጓዴ የሚመጣው ሹፌር ሁሉ የሚያስበው እንዲሁ ነው። ጠንካራ ነገር ይይዛል፣ ለስላሳ ነገር ይለቃል ብሎ ያምናል። በመኪና እግር ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ይህንን ለማስረዳት 24 ዓመት ስፈልገው የነበረውን ምሳሌ ያን ማታ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አገኘሁት።

ሁለት አህዮችና 120 ኪሎ እህል አለሽ እንበል አልኳት። 60፣ 60 ኪሎ ብትጭኛቸው ሁለቱም ዳገቱን ይወጣሉ። አንዱን 100፣ ሌላውን 20 ብትጭኚው ግን ባለ 100ው ይንበረከካል፤ ባለ 20ው የተረፈውን ጉልበት ለጓደኛው ሊያበድረው አይችልም። እህሉ ያው 120 ኪሎ ነው፤ ዳገቱ ላይ የሚደርሰው ግን ይለያያል። ጎማም እንዲሁ ነው። ክብደት ሲጨመርበት መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን መያዣው በክብደቱ ልክ አያድግም። ስለዚህ መኪናው ኩርባ ውስጥ ገብቶ ክብደቱ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጪኛው ሲሻገር፣ ውጪኛው ያተረፈው ውስጠኛው ካጣው ያንሳል። ሁለቱ ተደምረው የሚይዙት ይቀንሳል። ስታብላይዘር የሚባለው የቀኝና የግራ ጎማን የሚያያይዝ ዘንግ መኪናው እንዳያጋድል ያግዛል፤ በዚያው ልክ ደግሞ የዚያኛው ጫፍ ውጪኛ ጎማ ከሚሻገረው ክብደት ትልቁን ድርሻ እንዲሸከም ያደርገዋል። የኋላውን ወደ 8 ስታወጪው የኋላ ውጪኛውን ጎማ ባለ 100 አህያ አደረግሽው። ያመለጠሽ ለዚህ ነው።

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ የኋላውን ወደ 3 አወረደች፤ ወዲያው ደግሞ ጣቷ ወደ ሞላው ሊሄድ ሲል ያዝኳት። አንድ ነገር ብቻ። አንዱን ነክተሽ አምስት ዙር ንጂ፣ ሰዓቱን ጻፊ፣ ከዚያ ሌላውን ትነኪያለሽ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የነካ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። የሒሳብ ደብተሯን የኋላ ገጽ ገለጠች።

ኋላው ያን ማታ ጸጥ አለ። ፊቱን ደግሞ ወደ 6 ስታወጣው አፍንጫው እምቢ አለ፤ መሪው ተጠምዝዞ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ኩርባው ውጪ ይሄዳል። መልካም ሆነ፤ ሁለቱንም ሕመም በአንድ ማታ አየች ማለት ነው። ፊት 5፣ ኋላ 4 ላይ ስትደርስ መኪናው እንዳሰበችው ይታጠፍ ጀመር። ስትጀምር ምርጥ ዙሯ 1 ደቂቃ ከ9.4 ሰከንድ ነበር። ሦስት ሳምንት ሠርታ 1 ደቂቃ ከ7.8 ሰከንድ ገባች። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ሞተሩን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካችውም። ነዳጅ ከመርገጥ በቀር ለሚለው ዓረፍተ ነገር የእኔ መልስ ይህ ደብተር ነው።

ደብተሩ ውስጥ አንድ ገጽ አለ፤ እርሱን ለማንም ማሳየት እወዳለሁ። በአንዱ አቀማመጥ ከአምስት ዙር አንዱ በጣም ፈጣን ሆነ፤ የቀሩት አራቱ ግን የተራራቁ ናቸው፤ በአንዱም ዞራለች። በሌላው አቀማመጥ ምርጡ ዙር ከዚያኛው በ2 አስረኛ ሰከንድ ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን አምስቱም ዙሮች በ3 አስረኛ ሰከንድ ውስጥ ተሰብስበዋል። የትኛው መኪና ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ። እናትሽን ከጎንሽ አስቀምጠሽ ብትነጂ የትኛውን ትመርጫለሽ ብዬ መለስኩላት። ሁለተኛውን ከበበችው።

ወደ ሞላው እንምጣ። ጨዋታው የሞላውን ጥንካሬ የሚጽፈው በኪሎ ግራም አይደለም፤ መኪናው በሞላው ላይ በሰከንድ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ነው የሚጽፈው፣ በኸርዝ። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ ከዚያ ግን ይህ እኛ ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ የምናደርገው ነገር መሆኑ ገባኝ። መካኒክ የመኪናውን አፍንጫ በሁለት እጁ ተጭኖ ይለቀዋል። አንዴ ተነሥቶ ከረጋ ሾክ አብዞርበሩ ጤነኛ ነው። እንደ ጅዋጅዌ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ሾክ አብዞርበሩ ሞቷል፤ ብቻውን የቀረው ሞላ ነው የሚጫወተው። ያ የምልልስ ፍጥነት ነው በጨዋታው ላይ የተጻፈው። 250 ኪሎ የሚሸከም ሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 20 ኒውተን ኃይል የሚፈልግ ከሆነ፣ ሒሳቡ ሲሠራ በሰከንድ 1.4 ጊዜ ያህል ይመጣል፤ ተራ የቤት መኪና እዚህ አካባቢ ነው። ልጄ ቁጥሩን በእጥፍ ብታሳድገው ሞላው በእጥፍ የጠነከረ መስሏት ነበር። አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ይህንን ከፊዚክስ መጽሐፏ ላይ ራሷ አውጥታ አሳየችኝ፤ እኔ ቀመሩን አላውቀውም ነበር። አባትና ልጅ አንድ ገጽ ላይ ጎንበስ ያልንበት ያ ምሽት ለእኔ ትልቅ ምሽት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላንሣ። ሞሪስ ኦሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለጄኔራል ሞተርስ ሲሠራ የኋላው ሞላ ከፊተኛው ፈጠን ብሎ መመላለስ እንዳለበት አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጉብታውን ቀድሞ የሚያገኘው የፊት ጎማ ነው፤ ኋላው ዘግይቶ ስለሚነሣ ሊደርስበት የሚችለው ከፈጠነ ብቻ ነው። አለበለዚያ መኪናው እንደ ጀልባ ፊትና ኋላውን እያፈራረቀ ይወዛወዛል። የኋላ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ የሚያቅለሸልሸው መንገደኛ ይህንን በሆዱ ያውቀዋል።

ጨዋታው የማይታመንበት ቦታም አለ፤ አልደብቅም። የትሬኖውን የኋላ ጎማ ካምበር እንደፈለጋችሁ እንድትቀይሩ ይፈቅዳል። ወጥ አክስል ላይ ይህ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ጫፍና ጫፍ የታሰሩ ናቸው፤ ብረቱን ካላጠፉት በቀር አይንቀሳቀሱም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጄን ሥራ ቦታ ወሰድኳት፤ የቆመ ዲኤክስ ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ አክስሉን በእጇ ዳሰሰችው። «ታዲያ ለምን ፈቀዱልኝ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኋላ ካምበሩን ዜሮ ላይ ትተወዋለች፤ ማንም አላስገደዳትም። ጨዋታው ውስጥ ጎሚኒም አያረጅም፣ የመሪ ዘንግ ጫፍም አይላላም፣ ሾክ አብዞርበርም ዘይት አያፈስም። የእኛ ሥራ ግማሹ እነዚህ ናቸው። ለመማሪያ ግን ይህ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ደንበኛ ይዞት የሚመጣው መኪና አምስት በሽታ አንድ ላይ አለበት፤ ተማሪ ከዚያ ላይ ምኑን ከምኑ ይለያል? እዚህ አንድ ነገር ሲቀየር በእርግጥ የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልግባ።

በከተማችን ትንንሽ መኪኖችን ማስነሣት ልማድ ሆኗል። ቪትዝና ኮሮላ ይገዛል፤ ሳምንት ሳይሞላው ከሞላው በላይ ወፍራም የላስቲክ ቁራጭ ወይም ብረት ተጨምሮበት ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይደረጋል። አንድ የታክሲ ሹፌር ደንበኛ አለኝ። ቪትዙን ሌላ ጋራዥ ወስዶ 5 ሴንቲ ሜትር አስነሣው። ሁለት ወር ሳይሞላ የፊት ጎማዎቹ ተበልተው ወደ እኔ መጣ። መሣሪያው ላይ ስሰቅለው አንደኛው ጎማ ከመስመሩ 1 ዲግሪ ሸሽቷል። መኪና ሲነሣ የመሪው ዘንግ ማዕዘን ስለሚለወጥ ቶው ቦታውን ይለቃል፤ ካምበሩም እንዲሁ። 1 ዲግሪ ስትባል ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን 1 ዲግሪ የተጣመመ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። 85 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ጨርሶ ሲወርድ ያ ጎማ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል በአስፋልት ላይ ተፍቋል ማለት ነው። ጎማ ሻጩ ምን አጠፋ?

ጎማው ግን ትንሹ ጉዳት ነው። የአህያውን ሒሳብ አስታውሱ። 1 ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና አለ እንበል፤ የክብደቱ መሐል ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የቀኝና የግራ ጎማዎቹ ርቀት 1.45 ሜትር ነው። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ከክብደቱ 7 አስረኛ በሚያህል ኃይል ወደ ጎን ሲገፋ 240 ኪሎ ያህል ከውስጠኛው ጎን ወደ ውጪኛው ይሻገራል። መኪናውን 5 ሴንቲ ሜትር አስነሡት፤ ያው ኩርባ፣ ያው ፍጥነት፣ የሚሻገረው 265 ኪሎ ይሆናል። ያ 25 ኪሎ መጀመሪያውኑ በተጨነቀው ጎማ ላይ የሚጫን ነው። በዝናብ ቀን ቀለበት መንገድ ላይ ይህ ሹፌር ልጅ ሊያድን መሪውን ቢጠመዝዝ የሚያጋጥመው ይህ ነው።

ይህንን ስነግረው ሰማኝ፤ ግን ዓይኖቹ አላመኑኝም። እሑድ ቤቴ ቡና ጠራሁት። ልጄ መኪናውን ጨዋታው እስከፈቀደው ድረስ ከፍ አደረገችውና መቆጣጠሪያውን ሰጠችው። 18 ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ዙር የጎማውን ጩኸት ሰማው፣ የመኪናውን መንገዳገድ አየው። ከዚያ ዝቅ አድርጋ ያንኑ መንገድ መልሳ ሰጠችው። ብዙ አልተናገረም። ሲኒውን አስቀምጦ «የእኔም እንዲህ ነው የሚሆነው?» አላት። እኔን አይደለም የጠየቀው፤ እርሷን ነው።

የሹፌሩ ችግር ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ ይህንን ካልተናገርኩ ፍትሐዊ አልሆንም። የሚኖርበት ሰፈር መግቢያ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ ያልተነሣ ቪትዝ ሆዱን ይመታዋል። ስለዚህ 5ቱን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር አወረድነው፤ የሞቱትን የኋላ ሾክ አብዞርበሮች ሶማሌ ተራ ወርደን አብረን መርጠን ቀየርን፤ ቶውን አስተካከልኩለት። ከፋብሪካው እንደወጣ አልሆነም። ከነበረበት ግን በብዙ ይሻላል።

ጨዋታ ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች ሁለት ስም ልጥቀስ። ሉካስ ኦርዶኜዝ የሚባል ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚሁ ጨዋታ የተካሄደውን የጂቲ አካዳሚ ውድድር አሸንፎ እውነተኛ መኪና ላይ ወጣ፤ በ2011 በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በምድቡ ሁለተኛ ሆነ። እንግሊዛዊው ያን ማርደንቦሮ በ2011 ያንኑ አካዳሚ አሸነፈ፤ በ2013 በለ ማን በምድቡ ሦስተኛ ወጣ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2021 ባዘጋጀው የቨርቹዋል ውድድር የሞተር ስፖርቱን ያካሄደው በዚሁ ጨዋታ ነው። እኔ ልጄ እሽቅድምድመኛ እንድትሆን አልፈልግም። ይህንን የማነሣው ቁጥሮቹ ከእውነተኛ መኪና ጋር የሚገናኙ መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

አንድ ነገር ግን ስክሪኑ አይሰጥም፤ ፍርሃትን። እኔ የተወለድኩት ደጀን ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርደው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ በረሃውን ወጥተው የሚመጡ የጭነት መኪኖችን እያየሁ ነው ያደግኩት። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከሩቅ ይደርሰን ነበር። ገደሉ ሥር የወደቀውን ብረት አይተናል። ክብደት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ልጄ በስክሪኑ ላይ ግንብ ስትመታ አንድ ቁልፍ ተጭና ትመለሳለች። ስለዚህ ጨዋታውን ብቻውን አልተውላትም፤ ቅዳሜ ጉድጓዱ ውስጥ ታግዘኛለች፤ የታጠፈ ዘንግና የፈነዳ ጎማ በእጇ ታነሣለች።

በጋዜጣችሁ በኩል የምጠይቀው ይህንን ነው። በየክፍለ ከተማው ያላችሁ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት የአውቶሞቲቭ መምህራን ሆይ፤ ልጆቹ የመኪና እግርን በጠመኔ ሥዕል ይማራሉ፤ የሚያበላሹት መኪና የላቸውም፤ ሳያበላሹ ደግሞ አይማሩም። አንድ የጨዋታ መሣሪያና አንድ ቴሌቪዥን ከአንድ የአላይመንት ማሽን ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሞላውን አጠንክረው፣ ስታብላይዘሩን አላልተው፣ መቶ ጊዜ ግንብ መትተው ይዩ፤ ከዚያ እውነተኛው መኪና ሥር ይግቡ። ፈቃደኛ የሆነ መምህር ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ መጥቼ አብሬው እቆማለሁ፤ ልጄም ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። የጨዋታ ቤት ባለቤቶችም አንድ ወንበር ለዚህ ብትተዉ፣ ልጆቹ ተራቸውን ሲጠብቁ ሰንጠረዡን እንዲከፍቱ ብታሳዩአቸው ደስ ይለኛል። ጽሑፉን የጻፉትን ሰው ደግሞ በአክብሮት እጋብዛቸዋለሁ። ሳሪስ ይምጡ። ቡናው ከእኔ።

ይህንን ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ልጄ ዙሯን ሳትጨርስ ስክሪኑ ጨለመ። ሻማ አብርታ ደብተሯን ስባ ጻፈች፤ ትከሻዋ ላይ ሆኜ አነበብኩት፦ «ነገ። የኋላ ሾክ፣ መመለሻው ብቻ፣ ከ40 ወደ 38። ሌላ ምንም አልነካም።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎማ አላይመንት ሠራተኛ
ሳሪስ፣ አዲስ አበባ